በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ቡሎን

ከባሌ ከሙሄ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የመኪናችንን የፊት ፍሬን መቀየር ነበር። እሱ መሬት ላይ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር የምንሠራው።

መኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሙሄ ከአርዲቦ ዙሪያ ሽንኩርት፣ ከሐይቃችን ደግሞ ዓሣ እየጫነ ደሴ ያደርስባት ነበር። በወጣትነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ብዙ አገር የዞረ ሰው ስለሆነ፣ ሞተሯ ካልታመመ በቀር ጋራዥ አያስገባትም። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ያኔ በዋናው መንገድ ዳር ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ልጅ አልሰጠንም። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ ሁለተኛዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ቆርቆሮ ሲመታ መሰላል እይዛለሁ፤ ፍሬን ሲሠራ ፔዳል እረግጣለሁ።

መኪናዋ ከደሴ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መጮህ ከጀመረች ሰንብታ ነበር።

«ሰዎች ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው ይሉኛል» አለኝ ሙሄ አንድ ቀን መሪውን እንደያዘ።

«ያስለቀስካት አንተ ነህ። ዓሣ ስትጭንባት ነው የምትውለው።»

«እሱስ እውነት ነው። ሸራዋ አልቋል። ብረት ለብረት እየተፋጨ ዲስኩንም በልቶታል።» ሸራ የሚለው ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመውን ነው። በማግስቱ ከደሴ አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ገዝቶ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እንደበላን አሮጌ ሱሪውን ለበሰ። መኪናዋ ግቢያችን መካከል ቆማለች። በግራ በኩል ጀመረ። በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን ፈታ። ከዲስኩ ላይ ሸራውን ይዞ የሚጨምቀውን ብረት ሙሄ «መንጋጋ» ይለዋል፤ ሌላ ስሙን እኔ አላውቅም። መንጋጋው በሁለት ቡሎን ነው የሚታሰረው። ፈታውና መሬት እንዳይወድቅ በሽቦ አንጠለጠለው። አሮጌው ዲስክ ዝጎ ስለነበር በመዶሻ ቢመታውም እምቢ አለ።

«ቢስሚላህ በልበት እንጂ» አልኩት በመስኮቱ።

«ብያለሁ። አልሰማኝም።»

እንደገና መታው፤ ወጣ። አዲሱን ገጠመ፣ ሸራውን አስገባ፣ መንጋጋውን መልሶ አሰረ፣ ጎማውን ገጠመ። ከዚያ እዚያው ተንበርክኮ ድምፁን ብቻ ላከልኝ።

«ርገጪ።»

አዲስ ሸራ ሲገባ መንጋጋው ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ፔዳሉ መጀመሪያ ባዶ ነው። እግር ይዞ እስከ ወለል ይወርዳል። ደጋግሞ ሲረገጥ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ይነሳል። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ።

«ጠነከረ?»

«ጠነከረ።»

«እኔ ረዳት ሳለሁ ሹፌሩ በስህተት እንኳ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም። አንቺ ግን ተደላድለሽ ነው የምትረጅው።»

«ደመወዝ አላየሁ።»

«ምሳ አለ።»

«ምሳውንም የሠራሁት እኔ።»

ሳቀ። ምሳ በላንና ዙሁር ሰግደን ወደ ቀኙ ዞረ። ቀኙ የበለጠ አስቸገረው፤ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። አንዴ ቀና ብሎ ደረቱን አሸት አሸት ሲያደርግ አይቼዋለሁ። መዶሻው መስሎኝ ዝም አልኩ። ዲስኩ ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ ሸራው ገባ። መንጋጋውን አስቀመጠበትና የላይኛውን ቡሎን በጣቱ ብቻ አዞረው። የታችኛውን በመስኮት ሰጠኝ።

«ያዥልኝ። መሬት ካስቀመጥኳት ዶሮዎችሽ ይውጧታል።»

በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። በዚያው የዐስር አዛን ተሰማ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ።

«ሰግጄ ልምጣና ላጥብቃት። እስክልሽ ድረስ እንዳትረግጪ።»

«እሺ።»

ፊቱን አላየሁትም፤ በጎማው በኩል ዞሮ ነው ወደ ቤት የገባው። ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። እግሬን ከፔዳሉ አርቄ ወደ ወንበሩ ሰበሰብኩ፣ ሳላስበው እንዳልረግጥ። ቆየ። ውዱእ እያደረገ ነው አልኩ። እየሰገደ ነው አልኩ። ዶሮዎቹ መኪናዋ ሥር ገብተው ሲጭሩ እያየሁ በጣም ቆየ።

ስገባ መስገጃው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነበር። ሱጁድ ላይ ስለሆነ አላናገርኩትም። በሩ ላይ ቆሜ እስኪነሳ ጠበቅኩ።

የሆነው ይኸው ነው። የመጡት ሁሉ ታድሎ፣ እንዲህ ያለ አሟሟት ለማን ይገኛል አሉኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅኩትን ያን ጊዜ ማንም አያውቀውም።

ሰዉ ወዲያው ሞላ። የቅሬያችን፣ የእድራችን ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሞት ሲሰሙ የሚጠሩ አይደሉም፤ በራሳቸው ይመጣሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ውኃ ያመላልሳሉ። እኔን ሴቶቹ ጓዳ አስገብተው ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ልብሴን ለወጡልኝ። ነጠላዬን ሊወስዱ ሲሉ ግን አልሰጥም ብዬ ያዝኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እነሱም ተዉኝ።

አላለቀስኩም። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። «ውስጧ ነው የገባው» ትላለች አንዷ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት፣ ከጎኔ ሳትነሳ እጄን ይዛ ታሻሸኛለች። «ትንሽ እንኳ እንባ አውጭ ሐዋዬ፤ እንባ ይፈቀዳል፤ ዋይታ ነው የተከለከለ።» እንባው የለም። ልክ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ እግሬን ሰብስቤ እንደምጠብቅ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ተቀበረ። የሙሄ ታናሽ ወንድም እንድሪስ፣ ኮምቦልቻ የሰው መኪና የሚሾፍር፣ ለቀብሩ ደረሰ። እናታቸው ግን አልሰሙም። ከውጫሌ በላይ አምባሰል ውስጥ፣ መኪና ተጠማዝዞ በሚወጣበት ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ልባቸው ደካማ ስለሆነ በስልክ አይነገራቸውም ተባለ። መርዶ ደግሞ በማለዳ ነው የሚነገር። ይህን ሁሉ የተመካከሩት ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ነው። እኔ ጓዳ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ እስክትጨርስ ደጅ አትወጣም፤ ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

ከቀብሩ በኋላ ባለችው ማለዳ፣ ሱብሂ ተሰግዶ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ የመኪና ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

የመኪናችንን ድምፅ ከሺህ መኪና መካከል እለየዋለሁ። ስትነሳ ትንሽ ታስላለች። በመጀመሪያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሙሄ ነው ያልኩት። ጭነት አለበት ብዬ፣ ቁርስ ሳይበላ ሊሄድ ነው ብዬ። ቀጥሎ እጄ ነጠላዬን ጨበጠ። ከጫፉ ላይ ቋጠሮውን አገኘ።

ብድግ አልኩ። እትዬ ዘይነብ ከእኔ ፈጥና ተነሳች።

«የት ልትሄጅ ነው?»

«መኪናዋ ተነሳች።»

«እንድሪስ ነው። ሽማግሎቹን ይዞ ለእናትየው ሊነግሩ ነው። ተቀመጭ የኔ ልጅ።»

«ጎማዋ ተፈትቶ ነው እኮ ያለችው።»

«ገጥመዋታል። ድንኳን ሊተክሉ ገጥመው፣ ገፍተው ወደ ውጭ አወጧት። የሙሄን ዕቃም ጠርገው ሳጥኑ ውስጥ ከተውታል። ምንም አልጠፋም፤ አታስቢ።»

መልካም ሰዎች ናቸው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ መኪናዋ መካከል ቆማ ድንኳን አይገባም። ጎማ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩ አንስተው ገጠሙ፣ ክሪኩን አወረዱ፣ በእጃቸው ገፏት። መፍቻዎቹን አጽድተው አስቀመጡ። ሰውዬው የት ላይ እንዳቆመ የሚናገር ነገር አንድም አልቀረም፤ ከነጠላዬ ጫፍ በቀር።

ወደ በሩ ተራመድኩ። እትዬ ዘይነብ ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ። «ዒዳ ላይ ነሽ! ወንድ የሞላው ደጅ የት ትወጫለሽ?» ሌሎቹም ሴቶች ነቁ፤ አንዷ መንገዴ ላይ ቆመች። ነጠላውን ለእትዬ ዘይነብ ጥዬላት መሮጥ እችል ነበር። ቡሎኑ ግን እሱ ላይ ነው የተቋጠረው። ውጭ ሞተሩ ድምፁን ጨመረ።

«እትዬ» አልኳት። «ፍሬን የላትም።»

ፊቴን አየችኝ። ያየችውን አላውቅም፤ ነጠላዬን ለቀቀች። መንገዴ ላይ የቆመችውንም በእጇ ገፋ አደረገቻት።

ባዶ እግሬን ድንኳኑን በጎን አልፌ በአጥሩ በር ወጣሁ። መኪናዋ ወደ ዋናው መንገድ አፍንጫዋን ሰጥታ ቆማለች። ከኋላ ሽማግሎች ጋቢ ተከናንበው ተጭነዋል። ሼህ ይማም፣ ትናንት ቀብር ላይ ለሙሄ የሰገዱለት ሰው፣ ጋቢና ከእንድሪስ ጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ጎረምሳ ከጎማው ሥር ድንጋዩን እየሳበ ነው። ፊት ለፊቷ ሄጄ ሁለት እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ሞቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል።

እንድሪስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አትሂዱ። ፍሬኑ አላለቀም።»

«ይይዛል እታለም። ረግጬ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ወለል ነካ፣ ደጋግሜ ስረግጠው ተነሳ። አሁን ድንጋይ ነው። እስከዚህ ያመጣኋትም በፍሬኑ እያቆምኩ ነው።»

«ይይዛል፤ ግን አይቆይም። ቀኙ አልታሰረም።»

«ጎማው እኮ ተገጥሟል።»

«ጎማውን አይደለም የምልህ።»

ከኋላ ከተጫኑት አንዱ «ሐዘን ነው» አለ ዝቅ አድርጎ። «ብርድ ነው፤ አስገቧት። መርዶውም ያመልጠናል፤ ሊነጋ ነው።» ሌላው አላህ ያጽናሽ አለኝ። እንድሪስም ክንዴን በቀስታ ይዞ ሊያስገባኝ ነበር። መንጋጋ ብል መንጋጋ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱ የኔና የሙሄ ቃል ነው። ቋጠሮውን በጣቴ ልፈታ ብል ጠብቋል። በጥርሴ ፈታሁት። ቡሎኑን እንድሪስ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

አገላብጦ አየው።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከቀኙ። ሸራውን የሚይዘው ብረት የታችኛው ቡሎን። የላይኛው በጣት ብቻ ነው የገባው። ዐስር ሰግዶ ሊያጠብቀው ነበር።»

እንድሪስ ወደ ጋቢናው ዞሮ ሞተሩን አጠፋ። ሼህ ይማም ሳይጠየቁ ወረዱ።

ክሪኩ መጣ፣ ጎማው ተፈታ። እንድሪስ እጁን አስገብቶ የላይኛውን ቡሎን ነካው። መፍቻ አላስፈለገውም፤ በጣቱ ወጣለት። መንጋጋው ከዲስኩ ተላቆ እቅፉ ላይ ወደቀ። ያለ ቡሎን ስለተረገጠ አንደኛው ሸራ ተጣሞ ወጥቶ ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ይዞ ነበር። አምባሰልን ወጥተው ሲመለሱ፣ እናትየውንም ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ፣ መንጋጋው ዞሮ ከጎማው ጋር ሲያያዝ ምን ይሆን እንደነበር እንድሪስ ለሽማግሎቹ አላስረዳም። እነሱም አልጠየቁም። አንድ በአንድ ከኋላ ወረዱ። የመጨረሻው ሰውዬ ሲወርድ የመኪናዋን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ በቅሎ እንደሚያረጋጋ።

«ጎማውን የገጠምነው እኛ ነን» አለ ከቅሬው አንዱ። ድምፁ ተሰብሯል። «አልቆ መስሎን ነው። ወላሂ አልቆ መስሎን ነው።»

«ከየት ታውቁታላችሁ» አልኩት።

ሼህ ይማም ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ። «ይቺ ልጅ የወጣችው ነፍስ ልታድን ነው። ዒዳዋን ነካች የሚል ሰው እንዳልሰማ። መርዶው ለነገ ማለዳ ይሁን፤ ፀሐይ ወጥታለች።»

እንድሪስ እጅጌውን ሰብስቦ ሥራውን ያዘ። የተጣመመውን ሸራ አስተካከለ፣ ፒስተኑን ወደ ኋላ ገፋ፣ መንጋጋውን መለሰ፣ ሁለቱንም ቡሎን በመፍቻ አጠበቀ። ጎማውን ገጠመ። ቀና ሲል አንዱ ጎረምሳ ልርገጥልህ አለው።

«ቆይ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነበር የሚረግጥለት?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ግቢ።»

ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩልኝ። ጋቢና ወጣሁ። ወንበሩ እኔ እንደተውኩት አልነበረም፤ እንድሪስ ወደ ኋላ ስቦታል። ወደ ፊት አመጣሁት። እንድሪስ ጎማው ጋ በርከክ አለ፤ ከጋቢና ፊቱ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። የሁለቱ ወንድማማቾች ድምፅ አንድ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

«ርገጪ» አለ።

ረገጥኩ። ፔዳሉ ባዶ ነበር። እግሬን ይዞ እስከ ወለሉ ወረደ፣ ምንም አላቆመውም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድምፅ አላወጣሁም፤ እንባው ግን አገጬ ላይ ሳይቆም እጄ ላይ፣ መሪው ላይ ይወርዳል። ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ። ትንሽ ተነሳ። ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ። እያለቀስኩ እስኪጠነክር ረገጥኩት።

«ጠነከረ እታለም?»

«ጠነከረ።»

በማግስቱ በማለዳ አምባሰል ወጥተው ለአማቴ ነገሯቸው፤ ከሰዓት በኋላ በደህና ይዘዋቸው መጡ። ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ቁልቁለቱ አይደለም። አማቴ ልጃቸው በሕይወት ያለበት አንድ ተጨማሪ ቀን ማግኘታቸውን ነው። በዚያ ቀን ምን እንደሠሩ አንድ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። «ገብስ ሳሰጣ ዋልኩ» አሉኝ። «ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።»

እሳቸውም የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው፣ ጉልበቴን ይዘው፣ «ምን እየሠራ ነበር?» አሉኝ።

«ፍሬን እየቀየርን ነበር።»

«ደክሞት ነበር?»

ደረቱን ሲያሽ ያየሁትን አሰብኩ። «እየቀለደ ነበር» አልኳቸው። ይሄም እውነት ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ፣ ከእናንተም መካከል ነገ ሐዘንተኛ ቤት የምትገቡ ስለማትጠፉ ነው። ስትገቡ ድንኳኑን ትከሉ፣ ውኃውን አምጡ፤ እኛን ያቆመን እሱ ነው። ግን ከዚያ በፊት ሟቹ ምን ጀምሮ እንደነበር ጠይቁ። ሰው ሥራውን ጨርሶ አይሞትም። መዶሻውን አንስታችሁ ሳጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የት ላይ እንዳቆመ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ምናልባት ጓዳ ፍራሽ ላይ ያስቀመጣችኋት ሴት ታውቀዋለች። እኔ ከዚያ ማለዳ በፊት ከባሌ ጋር የምሠራው ሥራ መርዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጋቢና ተቀምጦ መጠበቅ፣ ርገጪ ስባል መርገጥ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ግማሹ ሥራ የነበረው እኔ ጋ ነው።

ሐዘኑ በዚህ አልቀለለም። እንዲያ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ቀን ዐስር ሲጠራ እግሬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።

መኪናዋን አሁን እንድሪስ ይሠራባታል። ሸራ ሲያልቅ ግቢያችን ያመጣታል። እኔ ጋቢና እገባለሁ፣ ቡሎኖቹን በነጠላዬ ጫፍ እይዛለሁ፣ ርገጪ ሲለኝ እረግጣለሁ።